የጭቃ በሬዎች፦ ከመቱ እስከ ኩሌ የስምንት ቀን ማስታወሻ

ቅዳሜ

ከመቱ መናኸሪያ የተነሣነው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ተማሪዎቼ ለዕረፍት ተበትነዋል፤ እኔም ዕረፍቴን ይዤ ወደ ጋምቤላ መውረዴ ነው። እዚያ በስደተኛ ሕፃናት ጥበቃ ሥራ ላይ ያለች የኮሌጅ ጓደኛዬ «ከካርቶንና ከተራረፈ ወረቀት ለተማሪዎችሽ መጽሐፍ እንደምትሠሪ ለባልደረቦቼ ነግሬአቸዋለሁ፤ መጥተሽ አሳዪልን» ካለችኝ ዓመት አልፎታል። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ ዕቃው ይበዛል፤ ሁለት እሽግ ወረቀት፣ ሦስት ወስፌ፣ አንድ ጥቅልል ሲባጎ፣ ለጓደኛዬ ሁለት ኪሎ ቡና። አንድ ካርቶን ሙሉ የሰም ቀለም ደግሞ ለብቻው አለ። እሱን ረዳቱ ተቀብሎ ጣሪያ ላይ ጫነው።

ጎሬ ለቁርስ ቆምን። ጉሙ ገና ከዛፎቹ ላይ አልተነሣም። አያቴ የዚህችን ከተማ ስም በጠሩ ቁጥር ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሲሰደዱ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ነበረች፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መንግሥቱን እየመሩ፣ ራስ እምሩም ከሰሜን ጦርነት ተመልሰው እዚሁ ነበሩ። በዚያ ዓመት ስደተኞቹ እኛ ነበርን። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ልጅ እጁን ያወጣና «ንጉሥም ይሰደዳል?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ቡሬን ካለፍን በኋላ መንገዱ ወደ ቆላ ይምዘገዘጋል። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ 526 ሜትር ላይ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያን ያህል ሲወረድ መጀመሪያ ጆሮ ይደፈናል፤ ቀጥሎ ሹራብ ይወልቃል፤ ከዚያ መስኮት ይከፈታል፤ በመጨረሻም በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ራሱ ከምጣድ ላይ የተነሣ ይመስላል።

ጓደኛዬ ቤት ደርሰን ካርቶኑን ስንከፍተው የሰም ቀለሞቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ቀዩና ቢጫው አንድ ሆኗል፤ ሰማያዊው ከማሸጊያው ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ከስልሳው ፓኬት የተረፈው አሥራ አንድ ነው። ከደመወዜ ቆጥቤ የገዛሁት ስለነበር ከልቤ አዘንኩ። ጓደኛዬ አይታ ዝም አለችና «ግድ የለም፤ ልጆቹ በምን እንደሚሠሩ ታያለሽ» ብላ ቡናውን ልትቆላ ገባች።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ባሮ ድልድይ ላይ ቆምኩ። አኙዋኮች ወንዙን ኦፔኖ ይሉታል። አባ ኮዳዎቹ በየዛፉ ጫፍ እንደ ሽማግሌ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ታች ልጆች ይዋኛሉ፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ አንድ ሰው ሞተር ብስክሌቱን እስከ ጎማው ውሃ ውስጥ አስገብቶ ይጠርጋል።

ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት ውል በዚህ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ የተቆረቆረችውም በዚያ ምክንያት ነው። የእኛ አገር ቡና ከጎሬ በበቅሎ ወርዶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር። ቡና በወረደበት መስመር በኋላ ሰው ሽቅብ ወጣበት። በ1975 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ እዚህ ክልል ያሉት ኢታንግና ፒኙዶ በስደተኛ ተሞሉ። በ2006 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በደቡብ ሱዳን ጁባ ላይ የተጀመረው ውጊያ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ሕዝቡን ድንበር አሻገረው። አብዛኛው የገባው በድንበሯ በፓጋክ በኩል ነው፤ በእግሩ።

በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ ሦስት መቶ ሰባት ሺህ ያህል ነበር። ዛሬ በክልሉ የሚኖሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ብቻ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት በታች ነው። ቤተሰብህን የሚያክል እንግዳ መጥቶብህ፣ እንግዳው ደግሞ አብዛኛው ልጅ ሲሆን ምን ትሆናለህ? ጋምቤላዎች ይህን ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረውበታል። ሰውን ከሰው ያጋጨ ክፉ ጊዜም አልፏል፤ እሱን ሳልናገር ማለፉ ልክ አይሆንም።

ማታ የተጠበሰ ዓሣ በላን። ነገ በማለዳ ነው የምንወጣው።

ሰኞ

ወደ ካምፕ ለመግባት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ቀደም ብላ አስጨርሳው ስለነበር ብዙ አልቆየንም። ኢታንግ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኩሌ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሜዳው እስከ ዓይን መጨረሻ ጠፍጣፋ ነው፤ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ተራራ ስታይ ላደገች ሰው ይህ ሜዳ መጀመሪያ ያስፈራል።

ኩሌ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተ ካምፕ ነው፤ ቲርኪዲ ከጎኑ አለ። ከጭቃና ከሣር የተሠሩት ጎጆዎች ተደርድረው አያልቁም። አሥር ዓመት ሲሞላ ካምፕ ከተማ ይሆናል፤ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ፣ ስልክ የሚሞላበት ሱቅ፣ በየግቢው በቆሎ።

የመጣንበት የሕፃናት ማዕከል በቆርቆሮ የተከደነ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ የሆነ አዳራሽ ነው። ሠራተኞቹ «ለሕፃናት ምቹ ቦታ» ይሉታል። ግቢው ውስጥ የብረት ዥዋዥዌ፣ የመረብ ኳስ ሜዳ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። የደረስነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ልጆቹ ቀድመውናል። «ማሌ! ማሌ!» እያሉ እጃችንን ያዙ፤ በኑዌር ቋንቋ ሰላምታ ነው።

አስተባባሪው ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ግንባሩ ላይ የኑዌር ወንዶች ለዐቅመ አዳም ሲደርሱ የሚቀረጹት ስድስት መስመሮች አሉ። አማርኛው ስላስገረመኝ የት እንደተማረ ጠየቅሁት።

«እዚሁ» አለ፤ «ኢታንግ ገበያ።»

በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከደቡብ ሱዳኗ ናስር ወደ ኢታንግ መጥቶ፣ ካምፑ ውስጥ አደገ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እዚህ መንግሥት ሲለወጥ ካምፑ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ ሆነ፤ እሱም በአሥራ ሦስት ዓመቱ እንደገና ድንበር ተሻግሮ ወደ ጦርነቱ ተመለሰ። አድጎ መምህር ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ የራሱን ልጆች ይዞ ያንኑ መንገድ መጣ። አሁን ያለበት ቦታ በልጅነቱ ከተጫወተበት ሜዳ የሰዓታት የእግር መንገድ ነው።

«ከኢታንግ ምን ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«ምግቡን እንጃ፤ ረስቼዋለሁ። አንድ መምህር ነበረን። ዛፍ ሥር ነው የሚያስተምረን፤ በከሰል ካርቶን ላይ ይጽፋል። በየቀኑ ጠዋት ከእኛ ቀድሞ ዛፉ ሥር ቆሞ እናገኘዋለን። አንድ ቀን አልቀረም። እኔም ከዚያ ሌላ ብልሃት አላውቅም፤ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን እከፍታለሁ።»

ይህን ሰምቼ ይዤው የመጣሁትን የሥልጠና ዕቅድ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። በካምፑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ተማሪ ይቀመጣል፤ መምህሩ የሁሉን ስም ሊያውቅ አይችልም። እዚህ አዳራሽ ግን እያንዳንዱ ልጅ ሲገባ በስሙ ይጠራል። ጥሪው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ማንም አይቸኩልም።

ከሕፃናቱ ጋር የሚውሉት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አምስቱም ስደተኞች። የሚከፈላቸው ደመወዝ ሳይሆን አነስተኛ ማበረታቻ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ እርዳታ ሲቀንስ የሁለቱ ተቋረጠ። ሁለቱም ዛሬ ሥራ ላይ ነበሩ። አንደኛዋን ለምን እንደምትመጣ ስጠይቃት ጥያቄው የገባት አልመሰለኝም፤ «ልጆቹ ይመጣሉ እኮ» አለችኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ ጓደኛዬ «ታያለሽ» ያለችውን አየሁ።

ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያሉት ልጆች ከወራጅ ውሃው ዳር ጥቁር ጭቃ በቆርቆሮ ይዘው መጡ። ጭቃውን መሬት ላይ ደጋግመው ይመቱታል፤ ልክ ሸክላ ሠሪ እንደሚያደርገው አየሩን ያስወጡለታል። ከዚያ በሬ ይሠራሉ። የኑዌር ልጅ በሬ ከጭቃ መሥራትን ማንም ሳያስተምረው፣ ታላቁን እያየ ነው የሚለምደው። መጀመሪያ ትከሻውን ያወጣሉ፤ ሻኛው ይቆለላል፤ ቀጥሎ አንገት፤ እግሮቹ አጭር ድብልብል ናቸው፣ እንዲቆም ብቻ። ጊዜ የሚወስደው ቀንዱ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ አንዱን ቀንድ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ አጠማዘዘ። ተሳስቶ መስሎኝ ላቃናለት እጄን ስዘረጋ አስተባባሪው ያዝ አደረገኝ። ኑዌሮች የሚወዱትን በሬ ቀንድ ገና ወይፈን ሳለ በሚፈልጉት መንገድ እንዲያድግ ያደርጉታል። ልጁ የአንድን የታወቀ በሬ ምስል ነው እየሠራ ያለው።

ቀለሙ ደግሞ ከየቤቱ መጣ። አመድ ለነጭ፣ ከሰል ለጥቁር፣ የተፈጨ ሸክላ ለቀይ። ልጆቹ «ቦር»፣ «ቻር» እያሉ ይከራከራሉ፤ ነጭና ጥቁር ማለት ነው። ነጠብጣቡን «ኳች» ይሉታል፤ የነብር ስም ነው። የከብት ቀለምና ዥጉርጉር የሚጠሩበት ቃል ብዛት የእኔን አማርኛ ያስንቃል፤ እኛ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ወሰራ ብለን ብዙ ሳንርቅ ያልቅብናል። አስተባባሪው ይህን ሁሉ ወደ ትምህርት ይለውጠዋል። በሬዎቹን በቀለም ያስለያቸዋል፤ «ኬል፣ ሬው፣ ዲዮክ» እያሉ ይቆጥራሉ፤ ከሁለት ግቢ ያሉትን ይደምራሉ፤ ለጥሎሽ የሄዱትን ይቀንሳሉ። እኔ ስንት ዓመት በሙሉ ቁጥር ለማስተማር ጠጠርና ቆርኪ ስለቅም ኖሬአለሁ። ጠጠር ግን ለልጁ ምኑም አይደለም፤ በሬ ቁም ነገር ነው።

ያ ልጅ ዘጠኝ ከብት ሠርቶ በተርታ አቆመ። አስተባባሪው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠየቀው። የአባቱ መንጋ ነው። ዘጠነኛዋ ላይ ሲደርሱ ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያም ለብቻዋ ራቅ አድርጎ በጎኗ አስተኛትና በኑዌር ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። አስተባባሪው ሌላ ምንም አልጠየቀውም። ራሱን ነቀነቀለት፣ ጭቃ ጨመረለት። ልጁ ወደ ኳስ ሲሄድ ግን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ይቺ መንገድ ላይ ቀረች፤ እማ አብራት ቀረች፣ አለ።»

ልጁ ከአክስቱ ጋር እንደመጣ መዝገቡ ላይ አለ። እናቱ ምን እንደሆነች ግን አክስቲቱ ሳትነግራቸው ቆይታለች። የተጻፈችው መስመር ወደ ጓደኛዬ ክፍል ትሄዳለች፤ እነሱ ከአክስቲቱ ጋር በእርጋታ ይነጋገራሉ፤ እናቱ ተጠፋፍታ እንደሆነ ፍለጋ ይጀመራል። «ጨዋታ ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ ዳቦ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ዳቦውም እውነት ነው። ግን ይህ ልጅ ማን ቢሮ ገብቶ፣ በየትኛው ቅጽ ላይ ይህን ይናገር ነበር?

ከሰዓት በኋላ የዘይት ጣሳ ቆርጠው መኪና የሚሠሩትን ስመለከት በሩ ላይ አንዲት ልጅ አየሁ። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ወገቧ ላይ ሕፃን ታቅፋለች፤ አጠገቧ ባዶ ጀሪካን አለ። አትገባም፤ አትሄድምም። ጠዋትም እዚያው ቆማ ነበር። ለምን እንደማትገባ ጠየቅሁ። የትልልቅ ሴት ልጆች ክፍለ ጊዜ ጠዋት ነው፤ ጠዋት ግን ውሃ ቀጂ እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የታናናሾቹ ተራ ነው። ሕፃን ይዞ መግባትም አይፈቀድም፤ ደንብ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው ያቋረጠችው።

ማታ ጋምቤላ ተመልሰን እራት ላይ ስለዚች ልጅ ብቻ አወራን። ትንንሾቹ አዳራሹን ይሞሉታል፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያሉት ሴቶች እየሳሱ ይሄዳሉ። ቁጥራቸው ሲቀንስ ፍላጎት የላቸውም ተብሎ ይጻፋል። ልጅቷ ግን ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆማለች።

ረቡዕ

መጽሐፉን ጀመርን። ተረት ያስፈልገን ስለነበር አንዲት አሮጊት ተጠሩ። በኒሙ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተዘርግቶላቸው ተቀመጡ፤ ልጆቹ ከበቧቸው። አስተባባሪው በጆሮዬ እየተረጎመልኝ ነው የሰማሁት።

ላምና ጎሽ አንድ እናት ነበራቸው። ሰው እናታቸውን ገደላት። ጎሽ «እኔ ጫካ ገብቼ ሰውን በቀንዴ እየወጋሁ የእናቴን ደም እመልሳለሁ» አለች። ላም ግን «እኔ ሰው ቤት እኖራለሁ» አለች፤ «አብሬው እየኖርኩ፣ በዕዳ፣ በጥሎሽ፣ በሚስት ምክንያት በእኔ እንዲጣላ፣ እርስ በርሱም እንዲጋደል አደርጋለሁ።»

ልጆቹ የጎሿን ቀንድ በእጃቸው እያሳዩ ይስቁ ነበር፤ ላሟ ስትናገር ጸጥ አሉ። እኔም ጸጥ አልኩ። ከዚያ የመምህርነት ነገር ሆነና ፍጻሜውን ለማለስለስ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ላሟ ብትታረቅስ? ከጦርነት ለመጡ ልጆች በቀልን መጻፍ ደግ መስሎ አልታየኝም።

አሮጊቷ ትርጉሙን ሰምተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። «ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ላም ምን እንዳደረገችን አይተዋል» አሉ። «ታረቀች ብዬ ብነግራቸው እኔን ውሸታም ይሉኛል። ተረቱ ላሟን ለማስጠላት አይደለም፤ ወተቷን ስትጠጣ እንድታስብ ነው።»

ተረቱን እንዳለ ጻፍነው። አሁንም ሳስበው ልክ አደረግን እላለሁ። ልጅን ከሚያውቀው ነገር በተረት ልንጋርደው ብንሞክር እንደማናምነው ነው የሚገባው።

አጻጻፉ ላይ ትንሽ ተከራከርን። የኑዌር ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ልጆቹ የታችኛውን ክፍል የሚማሩት በራሳቸው ቋንቋ ሲሆን አማርኛም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣቸዋል። ከላይ በትልቁ ኑዌርኛው፣ ከታች በትንሹ አማርኛው እንዲሆን ተስማማን። ሥዕሉን ልጆቹ በጭቃ፣ በከሰልና በተረፉት አሥራ አንድ ፓኬት ሠሩት። ለሽፋን የብስኩት ካርቶን ቆረጥን። ጀርባውን በወስፌ ስንበሳ ከአምስቱ አንደኛዋ፣ ያለ ክፍያ የምትሠራዋ፣ ሲባጎውን ከእጄ ተቀብላ ከእኔ በተሻለ ሰፋችው። የዶቃ ሥራ የለመደ እጅ ነው፤ አንድ ጊዜ አሳይቻት ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እስከ ማታ አራት ቅጂ ደረሰ።

ሐሙስ

ጠዋት ለጓደኛዬ ሥራ ጄዊ ደርሰን ተመለስን። ጄዊ ለጋምቤላ ከተማ ቅርብ ነው። በ2006ቱ ክረምት የሌችዎር ካምፕ በጎርፍ ተውጦ ነዋሪዎቹ በ2007 ዓ.ም. የተዛወሩት እዚህ ነው፤ ማለት ከጦርነት ሸሽተው፣ ቀጥሎ ከውሃ። ብዙ አልቆየንም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አላነሰም፤ እኔም ራሴን አሞኝ ከሰዓት በኋላ ተኛሁ።

ስተኛ ግን ኩሌ ላይ ስብሰባ ነበር። አስተባባሪው የእናቶችን ኮሚቴ ጠርቶ ስለ በሩ ላይ ልጅ ተነጋገሩ። ማታ ደወለልን። እናቶቹ ውሃው ተቀድቶ፣ እራት ሳይጣድ ያለችውን አንድ ሰዓት ሰጥተዋል፤ ከዘጠኝ እስከ አሥር። ሕፃን ይዞ መግባትም ተፈቅዷል። አንዲት እናት ብቻ «ልጄ እዚያ ምን ታገኛለች?» ብላ ተከራክራ ነበር። ያቺ አሮጊት ናቸው የመለሱላት። ምን እንዳሉ አስተባባሪው ሊተረጉምልን ሞክሮ ሳቀና ተወው።

ዓርብ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘጠኝ ልጃገረዶች መጡ፤ ስድስቱ ሕፃን ይዘዋል። ሕፃናቱን ምንጣፍ ላይ አስቀምጠን የጭቃ በሬዎቹን ሰጠናቸው፤ አንዱ ወዲያው ቀንድ አፉ ውስጥ ከተተ።

ያቺ የበሩ ልጅ መጨረሻ ላይ ገባች። ጀሪካኑ ሞልቶ ከበሩ ጎን ቆሟል። መጽሐፉን ስሰጣት መጀመሪያ ያየችው ጽሑፉን አልነበረም፤ ገልብጣ ስፌቱን ዳሰሰችው። ከዚያ ገለጠች። ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ሁለት ገጽ ሄደች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፅዋ ወጣ። ሕፃኑ ሲያለቅስ በአንድ እጇ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችውና ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ ቀጠለች። ሌሎቹ ወደ እሷ ተጠጉ። ላሟ የምትናገርበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። የሚጣሉበትን ዝርዝር፣ ዕዳውን፣ ጥሎሹን፣ ዝግ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጠገቧ ያለችው ልጅ አንድ ነገር ተናገረችና ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም አልሳቁም። ብዙ አወሩ። አስተባባሪው ይህን ጊዜ ከአዳራሹ ወጥቶ ነበር፤ የሴቶች ሰዓት ነው ብሎ። ስለዚህ ያሉትን አላወቅሁም፤ እንዳላውቀውም የተገባ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ልጅቷ በተርጓሚ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ሌላ መጽሐፍ ለመሥራት አሮጊት መሆን ያስፈልጋል ወይ?» አያስፈልግም አልኳት። ወስፌዎቹን ሦስቱንም ትቼላቸው ወጣሁ።

በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ስደተኛ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የማግኘት መብቱ እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ ነው። በጎ ሕግ ነው፤ እኮራበታለሁ። ነገር ግን ሕጉ ጀሪካን አይሸከምም፤ ሕፃን አያዝልም። አዲስ አበባ ሆነው በጀት የሚያጸድቁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ካነበቡልኝ አንድ ነገር እለምናለሁ። ገንዘብ ሲያንስ አሻንጉሊቱ ይቅር፤ ጭቃ አለ። ኳሱም ይቅር፤ ከጨርቅ ይሰፋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የሚከፍተው ሰው ማበረታቻ ግን አይቆረጥ።

ቅዳሜ

ሽቅብ ስንወጣ ቡሬ ላይ ሹራቤን ለበስኩ። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። አንድ የጭቃ በሬ በስካርፌ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ያ ልጅ የሰጠኝ ነው፣ ቀንዱ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ። ጭኔ ላይ አድርጌው ስለመጣሁ በደኅና ገባ። አሁን የክፍሌ መስኮት ላይ ቆሟል፤ ተማሪዎቼ የማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ይህን ማስታወሻ ጽፌ ሳልጨርስ ከኩሌ በጓደኛዬ በኩል መልእክት መጣ። የአክስቲቱን ቃል ተቀብለው የልጁ እናት ፍለጋ ተጀምሯል። የዘጠኝ ሰዓቱ ክፍለ ጊዜ አልተቋረጠም፤ አሥራ አራት ደርሰዋል። የሚያስፈልጋቸውን ዘርዝረው ልከዋል፤ ወስፌ አምስት፣ ሲባጎ ሁለት ጥቅልል፣ የእንጨት ባለ ቀለም እርሳስ፣ ካርቶን ካለ ካርቶን። ከዝርዝሩ በታች አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ያቺ የበሩ ልጅ «የእኔ ወፍራም ይሁን፣ ገጹ ይብዛ» ብላለች።